ሹሞ ስለ መሻር
(በመሪጌታና በጠበቃ መካከል የተደረገ ምልልስ)

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚያወጣው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በአዲስ ቅዳም ከተማ፣ በየማሳው እንደ ሰብል የሚለማው ዲከረንስ የተባለው ዛፍ ከስሎ፣ በጆንያ ታጭቆና በገመድ ተጠፍሮ አይሱዙ ላይ በሚጫንበት በገበያው ቀን፣ ለብዙ ዘመን ድጓ ያስተማሩ አንድ አረጋዊ መሪጌታና በልጅነቱ ከእሳቸው ዘንድ ዳዊት የደገመ፣ ዛሬ ግን በባሕር ዳር በጥብቅና ሥራ የሚተዳደር አንድ ጐልማሳ ከመሪጌታው ደጅ ተገናኝተው የተነጋገሩት ነገር፣ ምንም እንኳ መነሻው ባሕር ማዶ ቢሆን መድረሻው የኛው አገር ስለ ሆነ፣ እንደሚከተለው ተጽፏል።

ጠበቃ፦ የኔታ፣ ካሊፎርኒያ ያለችው እኅቴ ደውላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ ሳልመልስላት አደርሁ። በ2019 ዓ.ም. ጥቅምት 24 ቀን ለሕዝብ ድምፅ እንዲቀርብ የግዛቲቱ ምክር ቤት የወሰነው አንድ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አለ። ሕዝቡ የመረጠውን ባለሥልጣን ዘመኑ ሳይፈጸም የሚሽርበትን ሥርዓት የሚለውጥ ነው። እሷም የጠየቀችኝ ነገሩ መልካም ነው ወይስ ክፉ ብላ ሳይሆን፣ ሕዝቡ ያጸድቀዋል ወይስ ይጥለዋል ብላ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቿ ሊወራረዱበት ነው መሰለኝ።

መሪጌታ፦ ትንቢት ፈልጋ ወደ ጠበቃ መደወሏ ይገርማል! ለመሆኑ የዛሬው ሥርዓታቸው እንዴት ያለ ነው? ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ንገረኝ።

ጠበቃ፦ አስቀድሞ ፊርማ ይሰበሰባል። አገረ ገዥውን ለመሻር ከሆነ በመጨረሻው ምርጫ ለዚያ ሥልጣን ከተሰጠው ድምፅ 12 በመቶ የሚያህል ፊርማ ይበቃል። ፊርማው ሲሟላ ለመራጩ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ጥያቄ ይቀርብለታል፤ አንደኛው ይሻር ወይስ አይሻር የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከተሻረ ማን ይተካው የሚል ነው። በ1996 ዓ.ም. ግሬይ ዴቪስ የተባሉት አገረ ገዥ በዚህ መንገድ ሲሻሩ በሁለተኛው ጥያቄ ሥር የ135 ተወዳዳሪዎች ስም ተደርድሮ ነበር፤ ሥልጣኑንም የወሰደው የፊልም ተዋናዩ አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ነው። በ2014 ዓ.ም. መስከረም ወር ጋቪን ኒውሰምን ለመሻር በተሞከረ ጊዜ ግን ወደ 62 በመቶ የሚጠጋው መራጭ አይሻሩ ብሎ አቆያቸው። የሥርዓቱ ነቀፌታ ይህ ነው፤ አገረ ገዥው በመጀመሪያው ጥያቄ ከመቶ 49 ሰው ቢደግፋቸውም ይሻራሉ፤ ተተኪው ግን ድምፁ ለብዙ ተወዳዳሪ ስለሚበተን በ20 ወይም በ25 በመቶ ሊሾም ይችላል። ማሻሻያው ሁለተኛውን ጥያቄ ከወረቀቱ ላይ ያወጣዋል፤ ሥልጣኑም እንደ ማናቸውም ክፍት ሥልጣን ሕጉ ባዘዘው መንገድ ይሞላል።

መሪጌታ፦ ይህማ በግብረ ሐዋርያት በመጀመሪያው ምዕራፍ ያለ ነገር ነው። ይሁዳ ከማኅበረ ሐዋርያት በወደቀ ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ በወንድሞች መካከል ተነሥቶ የዳዊትን መዝሙር እየጠቀሰ ሹመቱ ለሌላ ይገባል ሲል፣ አስቀድሞ የወደቀው መውደቁ የታወቀ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዮሴፍና ማትያስ ቆመው፣ ጸሎት ተደርጎ፣ ዕጣ ተጣለና ለማትያስ ወጣ። የመሻሩ ነገርና የመሾሙ ነገር በአንድ ትንፋሽ አልተነገረም። ስለዚህ እንደ ሥርዓት ሲታይ ማሻሻያው የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን መልካም የሆነውን ሁሉ ሕዝብ ያጸድቃል ያለህ ማነው?

ጠበቃ፦ እኔን ያጠራጠረኝም ይኸው ነው። የቀደመውን ብናይ፣ ካሊፎርኒያ የመሻርን ሥልጣን ለሕዝቡ የሰጠችው በ1904 ዓ.ም. መስከረም ወር በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ነው፤ ያን ጊዜ ከአራት መራጮች ሦስቱ ይሁን ብለዋል። በዚያው ቀን የሴቶች የመምረጥ መብት ለድምፅ ቀርቦ ያለፈው በ3,587 ድምፅ ብልጫ ብቻ ነው፤ ወንዶቹ መራጮች ለሚስቶቻቸው ድምፅ ለመስጠት ሲሳሱ ሹም ለመሻር ግን አንድም አልሳሱም።

መሪጌታ፦ አልሳሱም! መብቱ ወደ ራሳቸው እጅ ሲገባ ማን ይሳሳል? ቀጥል።

ጠበቃ፦ ከዚያው ዘመን ሌላ የሚደንቅ ነገር አለ። አሪዞና ወደ አሜሪካ ኅብረት ለመግባት ሕገ መንግሥቷን አዘጋጅታ ባቀረበች ጊዜ ሕዝቡ ዳኞችን ጭምር እንዲሽር የሚፈቅድ አንቀጽ ስለ ነበረበት ፕሬዚዳንት ታፍት በ1903 ዓ.ም. ነሐሴ ወር አልፈርምም አሉ። አሪዞናዎች አንቀጹን አወጡት፤ በ1904 ዓ.ም. የካቲት ወር አገራቸው ግዛት ሆና ታወቀች፤ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1905 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ያንኑ አንቀጽ በሕዝብ ድምፅ መልሰው አገቡት።

መሪጌታ፦ (እየሳቁ) ደግ አደረጉ! እሺ ጌታዬ ብሎ እጅ ነሥቶ፣ ከደጅ ሲወጡ የራስን ማድረግ የጎጃም ሰው ብቻ የሚያውቀው ጥበብ ይመስለኝ ነበር።

ጠበቃ፦ ቅርብ ዘመን ያለው ምሳሌ ደግሞ የሳን ፍራንሲስኮ ነው፤ ለእኅቴ ጥያቄ ከሁሉ የሚቀርበውም እሱ ነው። በ2014 ዓ.ም. የካቲት ወር የከተማዪቱ ሰዎች ሦስት የትምህርት ቦርድ አባሎችን ሻሩ። በዚያው ዓመት ግንቦት 30 ቀን ዋና ዐቃቤ ሕጋቸውን ቼሳ ቡዲንን ሻሩ። በዚያች በግንቦቷ ወረቀት ላይ ደግሞ የመሻርን ሥርዓት የሚገድብ አንድ ሐሳብ አብሮ ቀርቦ ነበር፤ ሹመኛው በተመረጠ በመጀመሪያው ዓመት እንዳይነካ፣ መደበኛው ምርጫ ሲቃረብም ለመሻር ድምፅ እንዳይጠራ፣ ከንቲባው በተሻረው ቦታ የሚሾመውም ሰው በተከታዩ ምርጫ እንዳይወዳደር የሚል። በአእምሮ ቢመዝኑት እብደት የሌለበት ሐሳብ ነው። ሆኖም ከአሥሩ መራጭ ስድስት ያህሉ ጣለው።

መሪጌታ፦ እንግዲህ ትንቢቱ ተገኘ። ለሰው በትር ብትሰጠው ምናልባት ዕድሜ ልኩን አንድ ጊዜም አይመታበትም፤ በግድግዳው ላይ ሰቅሎት ይረሳዋል፤ ላሳጥርልህ ብለህ እጅህን የዘረጋህ ዕለት ግን ጨብጦ ይይዘዋል። ስለዚህ መራጩ ምን ይላል ብለህ ስትገምት ሐሳቡ ብልህ ነው ወይ ብለህ አትጠይቅ፤ የማን እጅ ረዘመ፣ የማን እጅ አጠረ፣ ጥያቄውንስ ያቀረበው ማነው ብለህ ጠይቅ። የሚሻሩት ሰዎች ተሰብስበው የመሻርን ሕግ እናርማለን ሲሉ፣ እርማቱ የቱን ያህል የቀና ቢሆን የሚያምናቸው ጥቂት ነው። አሁን ግን እኅትህን ትንሽ አቆያትና ስለ ራሳችን ንገረኝ። እኛ ይህ የመሻር መብት አለን ወይስ የለንም?

ጠበቃ፦ በጽሑፍ አለን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ሊያነሣው እንደሚችል ደንግጓል፤ በአንቀጽ 54 ደግሞ የምክር ቤት አባል የመራጩን አመኔታ ሲያጣ በሕግ መሠረት እንደሚወገድ ተጽፏል። ዝርዝሩንም በ1989 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 88 ይዞታል። ነገር ግን በዚህ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ በምርጫ ጣቢያ ተሰልፌ ወኪሌን ሻርሁ የሚል ሰው ጠይቄ አንድ አላገኘሁም።

መሪጌታ፦ እኔም አንድ አልሰማሁም። እስቲ ልጠይቅህ፤ ይህ ሕግ ተሻሽሎ፣ ለመሻር ቀላል እንዲሆን ተደርጎ፣ በሕዝበ ውሳኔ ቢቀርብልን ሰዉ ምን ይላል?

ጠበቃ፦ በኛ አገር ዐዋጅ የሚሻሻለው በምክር ቤት እንጂ በሕዝበ ውሳኔ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ራሱ ሲሻሻል እንኳ ሐሳቡ ለሕዝብ ውይይትና ውሳኔ ይቀርባል ይባላል እንጂ የሚያጸድቁት ምክር ቤቶቹ ናቸው። ቢቀርብ ግን ብለን ብንገምት፣ ከመቶ 90ው ይሁን ይላል ባይ ነኝ። ያለፉት ሕዝበ ውሳኔዎቻችን እንደዚያ ያመለክታሉ። በ1979 ዓ.ም. ጥር 24 ቀን የደርግ ሕገ መንግሥት ለድምፅ ሲቀርብ 81 በመቶ ደገፈው ተባለ። በ1985 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ኤርትራውያን ከመቶ 99 ከዚያም በላይ ነጻነትን መረጡ። በ2012 ዓ.ም. ኅዳር 10 ቀን ደግሞ የሲዳማ ሕዝብ 98 ከግማሽ በመቶ በሚሆን ድምፅ ክልል መሆንን መረጠ።

መሪጌታ፦ ሦስቱን በአንድ ገመድ አትሰራቸው። ሲዳማም ሆነ ኤርትራ የተጠየቀው ስለ ገዛ ስሙ ነው፤ ሰው አንተ አንተ ነህን ሲሉት አይደለሁም አይልም። የ1979ኙ ግን ሌላ ነው፤ ረቂቁ በየቀበሌው እየተነበበ ውይይት ሲደረግበት የከረመ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ማን እንደ ቀረና ማን እንደ መጣ የሚያውቅበት ዘመን ነበር። 81 በመቶ ደገፈ ያልኸው ያ መንግሥት ሕገ መንግሥቱን ካወጀ አምስት ዓመት ሳይሞላው በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ወር ሲወድቅ፣ ከደገፉት መካከል ተነሥቶ የተሟገተለት ስንት ነበር? ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስተምረኝ በዚሁ በክልላችን በ2010 ዓ.ም. መስከረም 7 ቀን በቅማንት አስተዳደር ጉዳይ የተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ነው።

ጠበቃ፦ በስምንት ቀበሌ የተደረገው?

መሪጌታ፦ አዎን። ሰባቱ ቀበሌ በነበረው አስተዳደር እንቈይ አለ፤ አንዱ ብቻ ወደ ቅማንት አስተዳደር አለ። ስለ ስም የተጠየቀ ሕዝብ እንኳ ጎጥ ለጎጥ፣ ቤት ለቤት ሲጠየቅ የተለያየ መልስ ሊሰጥ እንደሚችል ከዚያ አየሁ፤ መንገዱን፣ ገበያውን፣ ጋብቻውን፣ የልጁን ትምህርት ቤት እያሰበ ነው የሚመልስ። ከላይ ሆኖ ሕዝቡ ይህን ይላል የሚል ሰው፣ ስለ የትኛው ቀበሌ እንደሚናገር ካልነገረኝ ትንቢቱን አልቀበለውም።

ጠበቃ፦ ይሁን፤ ታዲያ የኛ ወረዳ ሰው የመሻርን ሕግ ማቅለል አይደግፍም ነው የሚሉኝ?

መሪጌታ፦ ይደግፋል! እንዲያውም 90 ያልኸው ያንሳል። እኔ የምልህ፣ ደግፎ ሲያበቃ አይጠቀምበትም ነው። በሰፈራችን ያለ አንድ ዕድር ላይ የሆነውን ልንገርህ። ዳኛው የዕድሩን ድንኳንና ብረት ድስት ለሠርግ እያከራየ ገንዘቡን ሳያስመዘግብ ዓመት አለፈው። በየቡናው፣ በየለቅሶው፣ ከቅዳሴ መልስ የሚወራው እሱ ነው። ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ዳኛው ይውረድ የሚል ማመልከቻ ተጻፈ፤ ጸሐፊው እስክሪብቶውን ሲያቀብል ግን ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ እጅ ይዞር ጀመር። አንዱ መነጽሬን ረሳሁ ይላል፤ አንዱ ከሱ ጋር የእርሻ ድንበርተኛ ነኝ ይላል፤ የቀረው ሁሉ ደግሞ ከኋላ እፈርማለሁ ይላል። ልብ በል፤ አልፈርምም ያለ አንድ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሁለተኛ ለመሆን ተዘጋጅቶ ነበር። በመጨረሻ አንዲት ባልቴት፣ መጻፍ የማይችሉ፣ ቀለም አምጡልኝ ብለው አውራ ጣታቸውን ከወረቀቱ አናት ላይ ተጫኑ። ጀምበር ሳትጠልቅ ወረቀቱ ሞላ፤ ዳኛውም ወረደ።

ጠበቃ፦ የድምፅ መስጫው ምስጢር ነው፤ ፊርማው ግን ገሃድ ነው።

መሪጌታ፦ አገኘኸው። በምርጫ ቀን ከመጋረጃ ጀርባ ሰው ከፈጣሪው ጋር ብቻ ነው። የመሻር ሥራ ግን የሚጀመረው ከመጋረጃው ጀርባ አይደለም፤ ስምህን፣ ቀበሌህን፣ የቤት ቍጥርህን ጽፈህ ነው። ማዳበሪያ የሚያድል፣ የመሬት ደብተር የሚሰጥ፣ ልጅህ ሥራ ሲፈልግ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ያንን ወረቀት ያየዋል። ሕጉ የፊርማውን ቍጥር ከብዙ ወደ ጥቂት ቢያወርደው የሚጠቅም ይመስልሃልን? ጥቂት በሆኑ መጠን እኮ ይበልጥ ይታያሉ!

ጠበቃ፦ ይህ የኛ ፍርሃት ብቻ እንዳይመስልዎት። በእንግሊዝ አገር በ2007 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት በጥፋት የተቀጣ የፓርላማ አባል ከወረዳው መራጭ 10 በመቶው ከፈረመበት ወንበሩን ያጣል፤ ፊርማውም የሚፈረመው በተወሰነ ጣቢያ ስድስት ሳምንት ነው። ሕጉ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈተነው በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ በሰሜን አየርላንድ፣ በሰሜን አንትሪም ወረዳ በኢያን ፔዝሊ ላይ ነበር። የተገኘው 9.4 በመቶ ሆነና በ444 ፊርማ ጉድለት ዳኑ። ወደ ጣቢያው የገባ ሰው ለሌላ ነገር ሊገባ አይችልም፤ የሚፈረመው አንድ ነገር ብቻ ስለ ሆነ ደጁን ሲረግጥ ያየው ጎረቤት ሁሉ ልቡን አወቀበት ማለት ነው። ወረዳው የአባታቸው ወንበር የነበረ፣ ሰውም ሁሉ የሚተዋወቅበት ነው።

መሪጌታ፦ አዲስ ቅዳም በለኛ!

ጠበቃ፦ ኬንያ ደግሞ በ2010 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት መብቱን ሰጥታ፣ ቀጥሎ በወጣው የምርጫ ሕግ ከተመዘገበው መራጭ 30 በመቶ ይፈርም አለች፤ ምክር ቤቱ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ወሰደው ተብሎ ብዙ ተነቀፈ። በታይዋን ግን የሆነው ተቃራኒ ነው፤ ፊርማው ተትረፈረፈ። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ 19 ቀን በአንድ ጊዜ 24 የምክር ቤት አባሎችን ለመሻር ድምፅ ተሰጠ፤ ከ24ቱ አንድም አልተሻረም። የፈረመውና ድምፅ የሰጠው አንድ ሕዝብ እንዳልሆነ ተንባዮቹ ያወቁት ሳጥኑ ከተከፈተ በኋላ ነው።

መሪጌታ፦ ተንባይ ሁሉ የሚሳሳተው የጮኸውን ቈጥሮ ዝም ያለውን ስለሚረሳ ነው። ዝም ያለ ሁሉ ረክቷል ማለትም ስሕተት ነው። የኛ ጎጃም ለዚህ ምስክር ናት። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በወጣ ጊዜ እኔ ገና ዜማ የምቀጽል ልጅ ነበርሁ። ገበሬው ግብሩን ከመጥላቱ ይልቅ መሬቱ ሲለካ ርስቱ የሚነጠቅ መሰለው፤ በጠቅላይ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ላይም ቅሬታው ከዐዋጁ በፊት የተጠራቀመ ነበር። ያን ጊዜ ፓርላማ ነበረ፤ በየአራት ዓመቱ የሕግ መምሪያ እንደራሴዎች ይመረጡ ነበር፤ ነገር ግን ጠቅላይ ገዥ የሚሾመውም የሚሻረውም በጃንሆይ ነው። አቤት ተባለ፤ አልተሰማም። ከዚያ በኋላ በሞጣና በዳሞት ሰው ጠመንጃውን አነሣ፤ ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላንም ደበደበ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ። ይህም ሹም መሻር ነው፤ ወረቀቱ ግን ሌላ ነበር።

ጠበቃ፦ ያ ዘመን ከዛሬው ጋር…

መሪጌታ፦ የዛሬውን አንተም ታየዋለህ፤ እኔም አየዋለሁ፤ በዚህ ደጅ ላይ ተቀምጠን አንተነትነው። ይልቅስ ሕግ ዐዋቂ ነህና ንገረኝ፤ የባልቴቷን አውራ ጣት የሚተካ ምን ዓይነት ሕግ ትጽፋለህ?

ጠበቃ፦ እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፤ አቤቱታ አቅራቢዎች ፊርማቸውን በታሸገ ፖስታ ለምርጫ ቦርድ ያስገባሉ፤ የሚፈለገው ቍጥር እስኪሞላ ስማቸው ለማንም አይገለጥም፤ ካልሞላም ሳይነበብ ይቃጠላል። ከሞላም የሚታወጀው ቍጥሩ እንጂ ስሙ አይሆንም፤ ማጣራቱንም ዳኛ ይሠራዋል።

መሪጌታ፦ ማኅተሙ በማን እጅ ይሆናል?

ጠበቃ፦ በፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር።

መሪጌታ፦ ሬጅስትራሩ የሚኖረው የት ነው? ልጆቹ የሚማሩት የት ነው? እዚሁ ከሆነ ፖስታው ታሸገ አትበለኝ። ከሌላ ዞን የመጣ ቢሆን፣ ፊርማውም በአንድ ቀን በሁሉም ቀበሌ ቢሰበሰብ፣ ሰውም ሁሉ ወደ ጣቢያው ገብቶ የሚፈርመው ፈርሞ፣ የማይፈርመውም ባዶ ወረቀት ጥሎ ቢወጣ፣ ያን ጊዜ ማን ምን እንዳደረገ አይታወቅም።

ጠበቃ፦ እንዲህ ከሆነማ ፊርማው ራሱ ምርጫ ሆነ፤ ወጪውም የምርጫ ወጪ ነው። የ2014ቱ የካሊፎርኒያ የመሻር ምርጫ ብቻ ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል።

መሪጌታ፦ ውድ ነው፤ ከ1960ው ግን ይረክሳል። አሁን ወደ እኅትህ እንመለስ። እኔ ይወድቃል እላለሁ። ማሻሻያውን ያቀረበው የተሻሪዎቹ ምክር ቤት ነው፤ መራጩ ዛሬ ሁለት ጥያቄ ይመልሳል፤ ነገ አንድ ብቻ መልስ ይሉታል፤ አንዲት መስመር እንኳ ብትሆን ከእጁ ወጣች።

ጠበቃ፦ እኔ ደግሞ ያልፋል እላለሁ፤ የሳን ፍራንሲስኮው የመሻሪያውን ቀን ሊያሳጥር ነበር፤ ይኸኛው ግን መሻሩን አይነካም። 135 ስም የተደረደረበትን ወረቀት ያየ ሰው እንደገና ሊያየው አይናፍቅም። በ2014ም ቢሆን ከመራጩ እጅግ ብዙ ሰው ሁለተኛውን ጥያቄ ባዶ ትቶት ወጥቷል፤ ባዶ የሚተወውን ነገር ቢወስዱበት ምን ያጣል?

መሪጌታ፦ ሳይወስዱበት በፊት ባዶ መተው ሌላ፣ ከወሰዱበት በኋላ መፈለግ ሌላ። ለመሆኑ በወረቀቱ ላይ የጥያቄውን ቃል የሚጽፈው ማነው?

ጠበቃ፦ እንደ ወትሮው ከሆነ ርእሱንና አጭር መግለጫውን የሚጽፈው የግዛቲቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ነው፤ መግለጫውም ከ100 ቃል እንዲበልጥ አይፈቀድለትም።

መሪጌታ፦ እሱስ በሕዝብ ይመረጣል? ይሻራልስ?

ጠበቃ፦ ይመረጣል፤ ይሻራልም።

መሪጌታ፦ እንግዲያው ለእኅትህ ስትደውል ክርክራችንን ሁሉ አትዘርዝርላት፤ ያቺ 100 ቃል ስትወጣ አንብባ፣ የመጀመሪያው ግሥ መራጩ የሚያገኘውን የሚናገር ይሁን ወይስ የሚቀርበትን፣ እሱን ተመልክታ ትወራረድ በላት። አሁን ተነሥ፤ ገበያው ሳይበተን ጨው እንግዛ።